ለአፍ ያህል የጋበዝኳቸው ሰው

ጋሽ ለሜሳን የጋበዝኳቸው እኔ ነኝ። ግን መጋበዜ አልነበረም።

አርብ ማታ ሚኒያፖሊስ ዳር፣ ሮቢንስዴል ያለው ቤተክርስቲያናችን የፀሎት ፕሮግራም አልቆ ሰው በር ላይ ሲሳሳም፣ ጋሽ ለሜሳ ልጃቸው ናፍያድ መጥቶ እስኪወስዳቸው ኮታቸውን ቆልፈው ጥግ ይዘው ቆመዋል። ከነቀምት ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ወጡ፣ ሚስታቸው ሞቱባቸው፣ ልጃቸው ኩን ራፒድስ ቤቱ አመጣቸው። ሰላም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እኔ ግን ሰላም ብሎ ማለፍ አልፈጠረብኝም። «ነገ ምን አላችሁ?» ሲሉኝ «ሐይቁ ጋ ያለው ፒየር ልንሄድ ነው፣ ከሊና ጋር» አልኳቸው። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ምነው አብረውን ቢሄዱ፣ ኩን ራፒድስ እንደሁ መንገዳችን ላይ ነው» ብዬ ጨመርኩበት።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ይሄ ግብዣ አይባልም፣ ሰላምታ ነው። የተጠራው ሰው «አይ፣ እናንተ ተዝናኑ» ይላል። ጠሪው «በሞቴ» ይላል። የተጠራው «ሌላ ቀን ያድርሰን» ይላል። ከዚያ ሁለቱም ተከባብረው በየፊናቸው ይሄዳሉ። ጋሽ ለሜሳ ግን ቀና ብለው አዩኝና «እሺ፣ በስንት ሰዓት ልዘጋጅ?» አሉ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን አፌ ሲያመልጥ በደንብ ታውቆኛል። ከጎኔ የቆመው ባሌ ጌዲዮን ሳል ጀመረው። ጌዲዮን ሳል የሚይዘው እኔ ስሳሳት ብቻ ነው።

ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር። ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ይዤ በሄድኩ። የዚህ ቅዳሜ ነገር ግን ሌላ ነው። ሊና አንድ ልጃችን ናት፣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። እዚሁ ሚኒያፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ኢገን ካለው አፓርታማችን እየተመላለሰች ልትማር ተስማምተን ጨርሰን ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ቦስተን ያለው ትምህርት ቤት ጻፈላት። ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ነበረች፣ አሁን ቦታ ተገኝቷል፣ ወጪውንም እነሱ ይችላሉ፣ መልሷን እስከ ሰኞ ድረስ ትስጥ። ስልኳን ይዛ ኩሽና ድረስ መጥታ አነበበችልኝ። እኔም ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ቀና ሳልል፣ «ሂጂ እንጂ ታዲያ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

እውነቱን ልናገር። ሂጂ ያልኳት እንድትከራከረኝ ነው። «አይ ማሚ፣ እናንተን ጥዬ የት እሄዳለሁ» እንድትለኝ፣ እኔም «ተይ እንጂ፣ ስለ እኛ አታስቢ» እንድላት፣ እሷም እምቢ እንድትል። እሷ ግን «ኦኬ» ብላ ክፍሏ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለቦስተን እሺም እምቢም ሳትል፣ ለእኔም ሳትናገር ሰነበተች። እኔም አልጠየቅኳትም። ሽንኩርቱን እንኳ የት እንዳደረስኩት አላስታውስም።

ረቡዕ ዕለት ከሥራ ስገባ በር ላይ ጠበቀችኝ። የማታ ሺፍት ነው የምሠራው፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፤ ጠዋት ስገባ ለሰው ፊት የለኝም። «ቅዳሜ ፒየሩ እንሂድ፣ ሦስታችን ብቻ» አለችኝ። ሊና አማርኛ ሁሉም ይገባታል፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው እኔ እንደገባኝ ነው። «ላናግርሽ የምፈልገው ነገር አለ። እቤት አይሆንም፣ ስልክሽ ይጮሃል፣ ሰው ይመጣል። ማንንም አትጥሪ። ቃል ግቢልኝ።» ቃል ገባሁ። ጌዲዮን ከሚሠራበት መጋዘን ፈቃድ ጠየቀ፣ እኔ ሺፍት ተለዋወጥኩ። ያን ሁሉ አድርጌ ነው እንግዲህ አርብ ማታ አፌን የከፈትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው የነገርኳት። ቀድሜ ብነግራት ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። «ጋሽ ለሜሳን መንገድ ላይ ይዘናቸው እንሄዳለን» አልኩ፣ እንደ ዋዛ፣ ቀበቶዬን እያሰርኩ። ሊና ከኋላ ወንበር በመስታወቱ አየችኝና «ቃል ገብተሽ ነበር» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ለቁጣ መልስ አላጣም። ጌዲዮን «ሽማግሌ ናቸው ሊንዬ፣ ብቸኛ ናቸው» ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። እሷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰካች።

ጋሽ ለሜሳ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ከናፍያድ ቤት ፊት ለፊት የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመው ጠበቁን። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ ጌታ ይወቅ። በእጃቸው የተጠበሰ ሽምብራ በላስቲክ ይዘዋል። ከኋላ ከሊና አጠገብ ተቀመጡና «ደህና አደርሽ ልጄ» አሏት። ሊና ማዳመጫዋን አወለቀች። ይህን ያህል አሳድጌያታለሁ። ሰዓት ተኩል በነዳንበት መንገድ ሁሉ ጋሽ ለሜሳ የምልክት ሰሌዳ ሲያነቡ፣ ሊና አነባበባቸውን ስታርም፣ እኔ ከፊት ተቀምጬ የራሴን ምላስ ስረግም ደረስን።

ፒየሩ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ውሃው ላይ የተዘረጋ ረጅም የእንጨት መንገድ ነው። ግራና ቀኙ መጫወቻ፣ የምግብ መሸጫ፣ ቀለበት ወርውሮ አሻንጉሊት የሚወሰድበት ቦታ አለ፤ መሀሉ ላይ ሰው ተሳፍሮበት ወደ ላይ የሚሽከረከረው ትልቁ ፌሪስ ዊል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አጥርና አግዳሚ ወንበር ብቻ። ሐይቁ ማዶው አይታይም፣ ለዚህ ነው የእኛ ሰው ባህሩ የሚለው። ጋሽ ለሜሳ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዳር እስከ ዳር አዩትና «ወዴት ነው የሚያሻግረው?» አሉ።

«የትም አያሻግርም» አለቻቸው ሊና። «ጫፉ ድረስ ሄደው ነው የሚመለሱት።»

«ለምን?»

«እንዲሁ፣ ለመሄድ።»

ትንሽ አሰቡና «ደህና ነው። ሥራ የሌለው ሰው የሚሄድበት መንገድም ያስፈልጋል» አሉ። ሊና ፈገግ አለች። በእኔ ግብዣ መምጣታቸውን ለጊዜው የረሳች መሰለኝ።

መጀመሪያ እርስ በርስ የሚጋጩት የመጫወቻ መኪኖች ጋ ሄድን። አራታችንም ገባን። ጋሽ ለሜሳ አሜሪካ መጥተው መሪ ሲይዙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ናፍያድ መኪናውን አያስነካቸውም። ደወሉ ሲደወል ሕዝቡ እርስ በርሱ ይላተም ጀመር። ጋሽ ለሜሳ ግን በቀኝ በኩል ዳሩን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ለመጣው ሁሉ እጃቸውን እየዘረጉ «ቅደም፣ ቅደም» ይላሉ። ቅድሚያ የሰጡት ሁሉ ዞሮ መጥቶ ይላተማቸዋል። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ገጫቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ ባርኔጣቸውን አስተካክለው «ይቅርታ» አሉት። ተቆጣጣሪው ወጣት በድምፅ ማጉያ «ሰውዬ፣ ይግጯቸው» እያለ ይለምናቸዋል። ጌዲዮን ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ስስቅ ግን ከኋላዬ አንድ ነገር መጥቶ አንገቴን አወዛወዘው። ዞር ስል ሊና ናት። ወደ ኋላ ሄደች፣ ተንደርድራ መጥታ ደገመችኝ። መጫወቷ አልነበረም፣ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። እኔ ደግሞ ሳልመልስላት ቀረሁ። የሚገባኝን ነው የተቀበልኩት።

ምሳችንን ከቤት ይዘን ነበር፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን በላን። ጋሽ ለሜሳ ሳንድዊች ስዘረጋላቸው «አምጪው» ብለው ተቀበሉ፣ ሁለተኛውንም ሳልለምናቸው። እኔ ገና «አፈር ስሆን» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፣ ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ከበላን በኋላ ሊና ተነሳችና አይስክሬም ላመጣ ነው፣ ማን ይፈልጋል አለች። ጋሽ ለሜሳ «እኔ» አሉ። ጌዲዮን «እኔም» አለ። እኔ «አይ፣ ጠገብኩ» አልኩ። ሊና ሄደች። ሦስት ይዛ መጣች።

እስቲ ፍረዱ። ሰው ሦስት አይስክሬም ይዞ አራት ሰው ፊት ይቆማል? ሐይቁን ማየት ጀመርኩ። ጌዲዮን ግን ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ ሁለት ጊዜ ላሰውና እጄ ውስጥ አስገባልኝ። እኔም በላሁት። ሊና ቆማ ታየኛለች።

«ማሚ፣ አልፈልግም ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«እንዲያው ነዋ ያልኩት።»

«እሱ እንዴት አወቀ?»

«ያውቃላ፣ ባሌ አይደል?»

«እኔስ እንዴት ላውቅ ነው?» አለች። ድምጿ ተቀየረ። «አልፈልግም ብለሽ ትፈልጊያለሽ። ኑ ትያለሽ፣ ከዚያ መጡብኝ ብለሽ ትበሳጫለሽ። ታዲያ ከልብሽ የምትናገሪው መቼ ነው?»

ይቺን ንግግር ነበር ሁለት ሳምንት የጠበቅኳት፤ የአይስክሬም ጉዳይ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ኑ ትያለሽ ስትል ጋሽ ለሜሳ አጠገቤ ተቀምጠዋል። አፈርኩ። ሳፍር ደግሞ ቀልድ ይቀናኛል። «ተኝቼ ስቃዥ» አልኳት። ጌዲዮን እንኳ አልሳቀም። ሊና ናፕኪኗን አጣጥፋ ቅርጫት ውስጥ ጣለችና «ፌሪስ ዊሉ ጋ ልሰለፍ ነው። ትመጫለሽ?» አለችኝ።

ወንበሩ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ከላይ ደግሞ ሲደርስ ይቆማል፤ ሰው እስኪሳፈር፣ ሰው እስኪወርድ። ማለትም ማንም የማይሰማን፣ ማንም የማይመጣብን አንድ ቦታ ቢኖር እሱ ነው። ልጄ ይህን አስባ እንደጠራችኝ አይጠፋኝም። ከፍታ እፈራለሁ፣ ግን ለመሳፈር ቆርጬ ነበር፤ አብሬያት ተሰለፍኩ። ጋሽ ለሜሳና ጌዲዮንም ተከትለውን መጡ። ተራችን ደረሰ። ሊና ገብታ ተቀመጠች። እኔ እግሬን አነሳሁ። ጋሽ ለሜሳ ከአጥሩ ጀርባ ቀና ብለው ዊሉን ያያሉ፤ አስተያየታቸው አንጀቴን በላው። የእኔ አፍ መቼም አያርፍም። «ጋሽዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ» አልኩ።

«እሺ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዙና ገብተው ተቀመጡ። ሠራተኛው ብረቱን ዘጋው። ሊና አላየችኝም። ወንበሩ ወደ ላይ ወጣ።

ከታች ጌዲዮን አጠገብ ቆምኩ። ጌዲዮን ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ሲናገር ደግሞ ለስላሳ ነው። «የትምወርቅ» አለኝ፣ ሙሉ ስሜን ጠርቶ። «እንግዳ ጠራሽ፣ እሺ። የእናትነት ቦታሽንም ለእንግዳ ትለቂያለሽ?»

«ሽማግሌ ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

«አዎ» አለ። «ዛሬ አዎ።»

ልመልስለት የሚገባ ብዙ ነገር ነበረኝ፣ ግን አንዱም እውነት አልነበረም። ሊና የተወለደች ቀን ሆስፒታል ድረስ ሰው ሲጎርፍ፣ ልጄን ሳልጠግባት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር፣ ደክሞኝ እንኳ «ኧረ ተጫወቱ፣ የምን መሄድ ነው» ስል እንደነበር ትዝ አለኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከቤቴ ሰው አልጠፋም። ልጄ ከእኔ ጋር ብቻዋን የተቀመጠችበትን ቀን ልቆጥር ፈለግኩ፣ መቁጠር ብጀምር እንደማይረዝም ስለማውቅ ተውኩት። ወንበራቸው ከላይ ቆመ። ሁለት ጭንቅላት ይታየኛል። ሊና እያወራች ነው፣ በእጇ ጭምር። ለእኔ ልትነግረኝ የመጣችውን ለሰው ስትነግረው ከታች ሆኜ ቀና ብዬ አየሁ።

ሲወርዱ የሊና ዓይን ቀልቷል። ማንንም ሳታይ ወደ ፒየሩ ጫፍ ቀጥ ብላ ሄደች። ጌዲዮን ሊከተላት ሲል ያዝኩት። ጋሽ ለሜሳ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ፊቴ ቆሙ።

«ምን አለችዎት?» አልኳቸው።

«ጥያቄ ጠየቀችኝ። እናቴ ሂጂ ስትል ሂጂ ማለቷ ነው ወይስ ቅሪ ማለቷ? እርስዎ የአገሯ ሰው ነዎት፣ ያውቃሉ አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።» ጋሽ ለሜሳ ሲናገሩ ቃል እየመረጡ ነው፣ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉ ይመስል። «እንድመጣ ስትጠሪኝም ከልብሽ እንዳልሆነ አውቄያለሁ፣ ልጄ።»

መሬት ብትከፈት ብዬ ተመኘሁ። «ኧረ ጋሽ ለሜሳ፣ እንዴት እንደዚህ ይላሉ» ልል ጀመርኩ፤ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ልቀየምሽ አይደለም። ጥቅምት ላይ ስመጣ አንድ ወንድም ቤቴ ይምጡ አለኝ። አይ፣ አላስቸግርህም አልኩ፣ ደግሞ እንዲጠራኝ። እሺ ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሌላዋም እንደዚሁ። ሁሉም ቸኩሏል፣ ሁለተኛ የሚለምን የለም። እኔ እምቢ ስል እነሱ እሺ ሲሉ በረዶው መጣ። ናፍያድ ሥራ፣ ሚስቱ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፤ እኔ መስኮት ሥር። አምስት ወር እዚያው ተቀመጥኩ። በረዶው ሲቀልጥ ለራሴ ምን አልኩ? ለሜሳ፣ ሰው ከልቡ እስኪጠራህ ብትጠብቅ ሌላ በረዶ ይመጣል። ከእንግዲህ ለአፍ ያህል የጠራህንም እሺ በለው። ያፈርኩበት ቀን አለ። ዛሬም ልጅሽን ሳያት አፈርኩ። ቤት ከመቀመጥ ግን ማፈር ይሻለኛል።»

እኔ እኚህን ሰው ከጠዋት ጀምሮ በሆዴ ስረግማቸው ነበር።

«የእኔ ይቆይ» አሉ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ እንደምንም ተማርኩት። እሷ ግን ሰኞ መልስ ትሰጣለች አሉ። አንቺ ያልሽውን እንዳለ ነው የምትወስደው፣ እዚህ ነው የተወለደችው። ያላልሽውን ደግሞ ማንም ሄዶ አይነግርልሽም።» ወደ ጌዲዮን ዞሩ። «ና፣ እነዚያን መኪኖች አንዴ እንድገማቸው። አሁን እገጫለሁ።»

ጌዲዮን አየኝ፣ ከዚያ ክንዳቸውን ይዞ ሄደ።

የፒየሩን ርዝመት የዚያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ሊና አጥሩ ላይ ተደግፋ ውሃውን ታያለች። አጠገቧ ቆምኩ። ነፋስ አለ፣ ጸጉሯ ፊቷ ላይ ይበተናል፤ ላስተካክልላት እጄን ዘርግቼ መለስኩት።

«ጋሽ ለሜሳ ነገሩኝ» አልኳት።

«እሺ።»

«ስለ ዛሬ አጥፍቻለሁ። ቃል ገብቼ አፍርሻለሁ።»

«እሺ» አለች ደግማ። እሷ በአማርኛ እሺ ስትል ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ዞረችና በእንግሊዝኛዋ ቀጠለች። «ለቦስተን ያልመለስኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስነግርሽ ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽኝም። ሂጂ አልሽኝ፣ በቃ። እኔ ብሄድ ምንም የሚጎድልብሽ አልመሰለኝም። ከዚያ ደግሞ ምናልባት ይሄም እንደ ሌላው ለአፍ ያህል ያልሽው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ። አሁን እጠይቅሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አንቺ ደስ ያለሽን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ማሚ።»

አቆምኩ። አፌ ላይ የተደረደረው ሁሉ ተደርድሮ ቀረ። የአንቺ ደስታ ደስታችን ነው፣ እኛ አንጎዳም፣ ጌታ የፈቀደው ይሁን፤ ሁሉም አለ፣ ሁሉም ያምራል፣ ሰው ፊት ይነገራል። እሷ ግን ሰው አይደለችም፣ ልጄ ናት። አጥሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አልፈልግም» አልኩ። «እንድትሄጂ አልፈልግም።»

ሊና ልትረዳኝ አልሞከረችም፤ ጠበቀችኝ።

«ጠዋት ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው መኪናሽን ነው፣ ፓርኪንጉ ውስጥ። እሱን ሳይ እቤቴ ገባሁ እላለሁ፣ ደረጃውን ገና ሳልወጣ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናት ሳገላብጥ አድሬ፣ አንቺ ተኝተሽ በርሽን ገርበብ አድርጌ አይቼሽ ነው የምተኛው። አታውቂም። አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖሽም አይሻለሁ። ቦስተን ብትሄጂ ጠዋት ጠዋት ምን እንደማደርግ አላውቅም። አባትሽንም አልነገርኩትም። ሂጂ ያልኩሽ አይ እንድትይኝ ነው። ቀና ያላልኩት ሽንኩርቱ ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። አልፈልግም ሊና። ከልቤ ነው።»

እኔ አልቅሼ ሰው አላስጨንቅም፤ ያን ቀን ግን ንፍጤ ወረደ። ሊና በእጅጌዋ ጠረገችልኝ፣ ሕፃን ሳለች እኔ አደርግላት እንደነበረው። እሷም እያለቀሰች ነበር፣ ፊቷ ግን ከጠዋቱ ቀሎታል። ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ቁመቷ ከእኔ በልጦ ስለነበር ማጎንበስ ነበረባት። እንደዚያ ሆነን ብዙ ቆየን። ከኋላችን ሰው ይመጣል፣ ሐይቁን ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል።

«አመሰግናለሁ» አለችኝ፣ በአማርኛ።

«ምን አደረግኩልሽ? እንዳትሄጂ እኮ ነው ያልኩሽ።»

«አውቃለሁ። እሱን ነበር መስማት የፈለግኩት።» ቀና አለችና ዓይኔን አየችው። «እሄዳለሁ፣ ማሚ።»

ይህንንም ሳውቀው ኖሬያለሁ። ወንበሩ ከላይ ሲቆም፣ እጇን እያወናጨፈች ስታወራ ሳያት፣ ገና ያኔ አውቄዋለሁ።

«እሺ» አልኳት።

«ይሄ እሺ ከልብሽ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «ሂጂ።»